አጥር የሚጋራን ሰው ፍለጋ ወደ ኡካ

አንድ ትንሽ ቤት ስለመሸጡ መጻፍ ለአንባቢ ምን ይጠቅማል? ይህን ስጀምር ራሴን ደጋግሜ ጠይቄአለሁ። ሻጩም አባቴ ነው። ቢሆንም መንገዱ ያሳየኝን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩምና ልሞክር።

ሐሙስ ንጋት፣ ጅማ

የአንደኛ ዓመት ፈተናዬን ጨርሼ መናኸሪያ ስደርስ ገና አልነጋም። ብርድ፣ የናፍጣ ሽታ፣ ትኩስ ቦንቦሊኖ፣ "በደሌ! መቱ!" የሚሉ ረዳቶች። አባቴ በስልክ "ቤቱን ሸጬ ስልጤ ልገባ ነው" ካለኝ ወዲህ እረፍት የለኝም። የምሄደው ላስቆመው ነው።

"እህቴ፣ የምትሄጂው ለቅሶ ነው እንዴ?" አለኝ ረዳቱ ቦርሳዬን እየተቀበለ።

"ተዋት፣ ፈተና ወድቃ ይሆናል" አለ ሾፌሩ።

"አልወደቅኩም!" አልኩ። ከኋላ ያሉት ሁሉ ሳቁ።

ከበደሌ ወዲያ የያዮ ደን ይጀምራል። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ዳር ዳሩን ቡና የተሰጣባቸው አልጋዎች፣ ማር በጄሪካን የሚሸጡ ሴቶች። እኔ ግን ማየት የምፈልገው መቱን ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት፣ መቱ

አባቴ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ መንገዱን አየ፣ ተመለሰ። "ሰሚራ፣ ነይ ትንሽ እንዙር" አለኝ።

እሱ ከስልጤ ወደ መቱ የመጣው መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ በጎረምሳነቱ ነው። ኦሮምኛ የተማረው ሱቁ ውስጥ ነው፤ እኔም የተወለድኩት ከሱቁ ጀርባ ነው። በዋናው መንገድ እየሄድን በጣቱ ያሳየኛል። የልብስ ሰፊው ቤት ፎቶ ኮፒ ሆኗል፤ የእትዬ አስካለ ጠጅ ቤት ሞባይል ይጠገንበታል። ባጃጅ በባጃጅ ላይ ይጮኻል።

"አስፋልቱ ጥሩ ነው። ዩኒቨርሲቲውም ጥሩ ነው። ክፉ ነገር አልመጣም እኮ፣ ልጄ። ግን ቀኑን ሙሉ በር ላይ ብቆም ስሜን የሚጠራኝ ገመቹ ብቻ ነው። ስልጤ ደግሞ ወንድሜ ታሟል።"

ኦቦ ገመቹ አጥር የሚጋሩን ጎረቤታችን ናቸው። በእኛ ሰፈር ቤት ሲሸጥ አጥር የሚጋራው ሰው ካልመሰከረ ገዢ እሺ አይልም። እሳቸው ታዲያ በውሉ ዋዜማ "እህቴን ልጠይቅ" ብለው ኡካ ወደምትባል ከተማ ሄደው ቀሩ፤ ስልካቸውም ዝግ ነው። ገዢው እስከ ሰኞ ጠብቆ ሌላ ቤት ሊያይ ነው።

በልቤ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ግን አርብን አልተሻገረም። አባቴ ሱቁን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ስኳር ለጠየቀች ሴት ጨው መዘነላት። "ጋሼ፣ ዛሬ የት ነዎት?" አለችው። 

ቅዳሜ፣ ኡካ

ሚኒባሱ በአቧራ ተሸፍኖ ኡካ አደረሰኝ። ኦቦ ገመቹ እህታቸው ግቢ ውስጥ ቡና ይለቅማሉ። ሲያዩኝ ሳቁ።

"ኢንታላ ኮ! ልጄ! አባትሽ ሰላይ ላከብኝ?"

"አልላከኝም። መምጣቴንም አያውቅም።"

"እንግዲያው ምሳ ብይና ተመለሺ። እኔ ካልፈረምኩ አይሄድም።"

"አዎ፣ አይሄድም። ግን ልቡ መቱም የለም፣ ኦቦ።"

እጃቸው ቡናው ላይ ቆመ። "አንቺስ? የተወለድሽበት ቤት እኮ ነው።"

"እኔ ከጅማ የመጣሁት ላስቆመው ነበር። አሁን ግን ይሂድ" አልኩ። 

 ተነስተው ኮታቸውን አራገፉ። "ሰው ጎረቤቱን በገዛ እጁ ይሸኛል? ምን ዓይነት ጉድ ነው!" እያሉ ከፊቴ ቀድመው ወደ መንገዱ ወጡ።

ሰኞ፣ መቱ

ኦቦ ገመቹ ፈረሙ። እስክሪብቶውን ለአባቴ ሲያቀብሉ፣

"አንተ ሰውዬ፣ በሬዬ ከእንግዲህ የማንን ጎመን ይበላል?" አሉት።

"የአዲሱን ሰው" አለ አባቴ።

"እሱ ጎመን አይተክልም፤ ፎቅ ነው የሚሠራው።"

አባቴ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ፈረመና እጁን ትከሻቸው ላይ አድርጎ፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆመ። ከመጣሁ ጀምሮ አባቴ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

አባቴ መቱን ለቆ ወደ ስልጤ የሄደው ጥር 23 ቀን ነው።