እልፍኝ አስከልካዩ

ባልዲዋን ያየኋት ገና ከበሩ ገፍትረው ሲያስገቡኝ ነው። ወታደሮች የያዙኝ ከክፍል ስወጣ፣ የጠመኔው ብናኝ ከእጄ ሳይራገፍ ነበር። ያስገቡን ደብረ ማርቆስ ዳር ያለ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ባልዲዋ ጥጉ ላይ፣ ክዳን የላት፣ ግርዶሽ የላት፣ ሁላችንም ፊት ተቀምጣለች፤ መጸዳጃችን እሷው ነበረች።

አጠገቤ የተኙት ሽማግሌ ከአማኑኤል ገጠር የመጡ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ተፈልጎ ቢታጣ እሳቸውን አመጧቸው። ጎናቸውን ተመትተው ብቻቸውን መቆም አይችሉም። አንድ ቀን ደግፈን ባልዲዋ ላይ ስናስቀምጣቸው ከወዲያ በኩል አንዱ ሳቀ። በቃ! ከዚያ ወዲያ እህልም ውኃም አሻፈረኝ አሉ። የበላ የጠጣ ወደዚያች ባልዲ መሄዱ አይቀርማ።

"አባቴ፣ ይሞታሉ እኮ!" አልኳቸው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

"ከሞቱ አሟሟቱ፣ ልጄ። የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው ነኝ።"

ጠባቂዎቹን ሐኪም ብዬ ለመንኩ። "ሲርበው ይበላል" አሉኝ።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። እንዳላብድ ብዬ ለእስረኛው የቤተ መንግሥት ሹመት አወራ ነበር፤ በጅሮንዱ ግምጃ ቤቱን ይይዛል፣ አጋፋሪው አዳራሹን ያስተናብራል፣ እልፍኝ አስከልካዩ ከጌታው ደጃፍ ቆሞ ያልተፈቀደለትን አያስገባም። አንድ ባጃጅ ነጂ ነበር፤ "መምህር፣ ቅማል እየበላን የንጉሥ ግብዣ ታወራልናለህ? ኧረ እግዜር ይይልህ!" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ለራሴም ያስጠላኝ ነበር።

ያን ቀን ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ንጉሥ ሊጠጣ ዋንጫ ሲያነሣ አሽከሮቹ ሸማቸውን ዘርግተው ይጋርዱታል። አፍሮ አይደለም፤ ክብሩ ነው። ይህንኑ ጮክ ብዬ ተናገርኩና ጋቢዬን ገፍፌ ተነሣሁ።

"ማነው እልፍኝ አስከልካይ የሚሆንልኝ?"

ከተጋደመበት የተነሣ የለም። ደሜ ፈላ። "ሰው አይደላችሁም ወይ? ሽማግሌው ዓይናችን እያየ ሊሞቱ ነው!" ብዬ አለቀስኩ።

ባጃጅ ነጂው ተነሣ። ያን ጊዜ የሳቀው እሱ ነበር። የጋቢውን ጫፍ ያዘና "ጌታው እልፍኝ ናቸው! ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳ!" ብሎ አምባረቀ። መጋዘኑ ሙሉ ሰው ዞረ። ወደ ባልዲዋም እንዲሁ እንደምናጅባቸው ማልኩላቸው። ሽማግሌው የዞረውን ጀርባ ሁሉ አንድ በአንድ አዩና የውኃውን ጣሳ ተቀበሉኝ። ሲውጡ ጉሮሯቸው ይሰማ ነበር።

አልዳኑም። ጥቂት ቀን ቆይተው በመኪና ወሰዷቸው፤ ለቤተ ሰብ የደረሰው ሬሳቸው ነው።

ዘንድሮ፣ እኔ ከተፈታሁ በኋላ፣ ሴት ልጃቸው አማኑኤል ገበያ ላይ አፈላልጋ አገኘችኝ።

"አብረው ታስረው ነበር አሉኝ፣ መምህር። አባቴን አዋርደዋቸው ይሆን? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።"

"ሰው ሁሉ ፊቱን አዙሮላቸው ነበር፣ እኅቴ። እንደ ጌታ ነው ያከበርናቸው" አልኳት። ስለዚያ ሳቅ አልነገርኳትም፤ ሆድ ይፍጀው።

"እንዲያ ከሆነስ አሁን አለቅስላቸዋለሁ" አለችና እዚያው ገበያው መሃል ቁጭ አለች።