የኅዳር አሥራ አምስቱ እሁድ

ሰመራ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ፣ በየማለዳው ከመዝሙር በኋላ «ታሪክ በዛሬዋ ዕለት» የምትለውን አጭር ዝግጅት በድምፅ ማጉያ የማነበው እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ተማሪ ገና ፀሐይ ሳይበረታበት የሰማውን አይረሳም ብዬ ስለማምን ራሴ ጀመርኩት። ዝግጅቷ ስትወደድ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ኮራሁ።

አንድ ዓመት ኅዳር ሃያ አራት ቀን፣ «በዛሬዋ ዕለት፣ እዚሁ ክልላችን ሀዳር ላይ የድንቅነሽ አጽም ተገኘ» ብዬ አነበብኩ። ስለ አገራቸው ስለሆነ ተማሪዎቹ ጸጥ ብለው ሰሙኝ።

በማግስቱ የአንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ አያት ሽርጣቸውን አሸርጠው፣ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መምህራን ክፍል ድረስ መጡ።

«ትናንት በማጉያው ያወራሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። አፋር ናቸው፤ አማርኛቸው አንቱታ አያውቅም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ። ምን አጠፋሁ?»

«ቀኑን ነዋ! ልጅቷ ስትነግረኝ አይደለም አልኳት። እኔ ያኔ ሀዳር ነበርኩ። ለፈረንጆቹ በግመሎቼ ውሃ አመላልስ ነበር።»

ወንበር ሳብኩላቸው። ተቀመጡና ቀጠሉ።

«አጥንቷ የተገኘች ቀን ጠዋት የካምፑ ሬዲዮ ክፉ ወሬ አወራ። የንጉሡን ሹማምንት ረሸኗቸው አለ። ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች ቁርስ አልቀመሱም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፈረንጆቹ እየጮሁ መጡ፣ ተቃቀፉ። ወላሂ፣ በአንድ ካምፕ ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ይዘላል። ይሄን ቀን የሚረሳ ሰው አለ?»

የስልሳዎቹ ባለሥልጣናት መገደል በሬዲዮ የተነገረው ኅዳር አሥራ አምስት ቀን እንደሆነ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። መጽሐፉን ገለጥኩ። የድንቅነሽ ቀን የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፤ ኖቬምበር ሃያ አራት ይላል። እኔ ኖቬምበርን ኅዳር አድርጌ፣ ሃያ አራትን እንዳለ ትቼ አንብቤዋለሁ። ተማሪዎቼን ዘወትር ተጠንቀቁ የምላቸውን ስህተት! ሲሰላ ደግሞ ልክ ኅዳር አሥራ አምስት ላይ ዋለ። በሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ሳስተምራቸው የኖርኳቸው ነገሮች በአንድ ቀን የሆኑ ናቸው።

ቅዳሜ በማለዳ ተነስቼ ወላጅ አባቴ ዘንድ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሄድኩ። አባቴ የሥራ ዕድሜውን የጨረሰው ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ክፍል ውስጥ ነው። ቡናውን ገና ሳይጨርስ ስለዚያ ቀን ጠየቅኩት።

«እሁድ ነበር» አለኝ ወዲያው። «ተረኝነቴን ጨርሼ ልወጣ ስል ሬዲዮው ስም መጥራት ጀመረ። ባቡር የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። መሃል ላይ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ። ወንድሙን ጠርተውበት ኖሯል። ውሃ ሰጠሁት፤ አልጠጣም። ባቡሩ መጣ፣ ሄደ፣ እሱ እዚያው ቀረ።»

«ስለ አጥንቷስ ምን ሰማችሁ?»

«ማን ነግሮን? ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሰማነው። ያን ቀን አጥንት ያገኘ ሰው ተደስቶ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?»

አባቴ ይህን ታሪክ ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቀው «አልጠየቅሽኝማ» አለኝ።

ሰመራ ስመለስ ለርዕሰ መምህሩ ሰኞ ጠዋት ስህተቴን አርማለሁ አልኩት።

«ተይው ባክሽ» አለኝ። «ማን ልብ ብሎታል? መምህር በተማሪ ፊት ተሳሳትኩ ካለ ነገ ማን ይሰማዋል?»

«የተማሪዬ አያት ልብ ብለውታል» አልኩት። «ደግሞ አልፈራም። ትምህርቱን አውቀዋለሁ፤ የተሳሳትኩትም የት ጋ እንደሆነ አውቃለሁ።»

ሰኞ ማጉያውን ይዤ ቆምኩ። ቀኑን እንዴት እንደተሳሳትኩ ደረጃ በደረጃ አስረዳሁ። ከኋላ በኩል ጥቂቶች ሳቁ፤ ጠበቅኳቸው። ከዚያ ሽማግሌውን ጋበዝኩ። በአፋርኛ ተናገሩ፣ የልጅ ልጃቸው ወደ አማርኛ መለሰች። ካምፑ ውስጥ ሲያለቅስ የዋለ አንድ ወጥ ቤት እንደነበረ፣ ማታ ግን ተነስቶ ለሚደሰቱትም ለሚያዝኑትም እራት እንዳቀረበ ነገሩን። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።

ልጅቷ በእረፍት ሰዓት ክፍሌ መጣች። «ቲቸር፣ በሂጅራስ ስንት ቀን ነበር?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ቁጭ ብለን አብረን ስናሰላ ዙልቃዕዳ ወር ላይ ዋለ፤ አያቷም ቤት ስትነግራቸው «ልክ ናት» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝግጅቷን የምናሰናዳው ሁለታችን ነን። እሷ ሽማግሌዎችን ትጠይቃለች፣ እኔ መጻሕፍቱን አገላብጣለሁ። ሳንስማማ የቀረንበት ቀን አይነበብም።

በዓመቱ ኅዳር አሥራ አምስት ሲደርስ ያነበበችው እሷ ናት። አስቀድማ የተገደሉትን አነሳች፣ ከዚያ የተገኘችውን። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር ተሰልፌ አዳመጥኩ፤ ደወሉ ሲደወል ወደ ክፍሌ ገባሁና የዚያን ቀን ትምህርት በሁለቱም ምዕራፎች ጀመርኩት።