ያልዶለዶመው ማረሻ

አባቴ በቆሰበር ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ ብረት ይቀጠቅጥ ነበር። አገሩ ሁሉ ማረሻና ማጭዱን የሚያሠራው እሱ ጋ ነው፤ ቤታችን ገብቶ እንጀራ የሚቆርስ ግን አልነበረም። ቀጥቃጭ ነዋ። የሚገቡት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ግምጃ ቤት ከሚባለው አገር የሚመጡ ሽማግሌ ገበሬ። በእርሻ ወራት ማረሻቸው በዶለዶመ ቁጥር በገበያ ቀን ተሸክመውት ይመጣሉ። አባቴ አግሎ ጫፉን ሲስልላቸው አጠገቡ ተቀምጠው በአገውኛ ያወጋሉ። ማረሻው ተስሎ ካለቀ በኋላም ወሬያቸው አያልቅም። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ሲስቅ የሰማሁት እሳቸው ሲመጡ ብቻ ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የብረትን ገጽ በሌዘር ማጠንከር ተማርኩ። ጨረሩ ሲያልፍበት የብረቱ ገጽ ብቻ በቅጽበት ይግላል፤ ቀዝቃዛው ውስጡ ደግሞ ወዲያው መልሶ ያበርደዋል። እንዲህ የጠነከረ ብረት ቶሎ አያልቅም። ለመመረቂያ ሥራዬ አባቴ ከመኪና ባሌስትራ የሠራውን ማረሻ ወስጄ አጠነከርኩና ለሽማግሌው ሰጠኋቸው።

ከመስጠቴ በፊት አባቴ ጫፉን በጣቱ ዳሰሰው።

"ውሃ ሳትነክሪው ነው እንዲህ የሆነው?"

"አዎ አባዬ።"

"ጎበዝ" አለኝ።

በዚያ ክረምት እየደወልኩ ሽማግሌው መጥተው እንደሆነ እጠይቀው ነበር። "አልመጡም፤ ማረሻሽ ጸንቷል ማለት ነው" ይለኛል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ድምፁ እየደከመ መምጣቱን ልብ አላልኩም። መስከረም ሳይጠባ ታመመ፤ ጎረቤት ደውላልኝ ስደርስ አልፏል። በገበያ ቀን ሥራውን ትቶ መንገዱን እያየ በር ላይ ይውል እንደነበር የነገረችኝ እሷ ናት።

ሽማግሌው የሰሙት ከተቀበረ በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ብዙ አለቀሱ።

"ልጄ፣ ማረሻው እንቢ አለኝ፤ አልዶለዶመም" አሉኝ። "ያለ ሥራ መጥቼ ሰውዬውን ሥራ ላስፈታው? እያልኩ ቀረሁ።"

"እሱም ማረሻው እንዳልዶለዶመ ያውቅ ነበር" አልኳቸው።

"ስለ እኔ ጠየቀ እንዴ?"

"'ሰላም ናቸው ወይ?' ይል ነበር።"

መንገድ መንገዱን ሲያይ እንደከረመ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እስካሁንም አልነገርኳቸውም።