ሦስት ውል የፈረመች ልጅ

ያኔ የማስተምርበት የቦንጋ ትምህርት ቤት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ነበረው። አምስት ነበርን። ሁላችንም ዲግሪ አለን፤ አምስታችን ተደምረን ግን የአንዲት ቆጮ ሻጭ ማስተዋል አልነበረንም። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። የተመረጥኩት ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ ነው፤ ሌላ ችሎታ የጠየቀኝ የለም።

ሕጋችን ቀላል ነው። ያጠፋ ተማሪ ወላጁን ይዞ ይመጣል፣ ጥፋቱን በገዛ እጁ ጽፎ "ሁለተኛ አይለምደኝም" ብሎ ውል ይፈርማል። ሦስተኛ ውል ላይ የደረሰ ለዓመቱ ይሰናበታል።

ልጅቷ ሰባተኛ ክፍል ነበረች፤ ከአደጋው በፊትም አስተምሬያታለሁ። ክረምቱ ሊገባ ሲል የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቷን ተመታች፣ ሆስፒታል ሰነበተች። መስከረም ላይ ስትመለስ ፀጉሯ በቅሎ ጠባሳውን ሸፍኖታል። ጠባሳ ካላየን ለእኛ ድናለች። ደረጃ ትወጣ የነበረች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ በማያስቅ ነገር ትስቅ ጀመር፤ ትንሽ ሲነኳት ደብተር ትወረውራለች፣ ከሰሌዳ ሁለት መስመር ገልብጣ መስኮት መስኮት ታያለች። "ጉርምስና ነው" አልን። እኛ የማናውቀው ነገር የለማ!

የሚያናድደኝ ደግሞ ስልጠናው ነው። ጥቅምት ላይ ስለ አካቶ ትምህርት ሁለት ቀን ሰልጥነናል። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ይረሳል፣ ቶሎ ይቆጣል፣ ያለ ቦታው ይስቃል፣ ቶሎ ይደክመዋል ተብለናል። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቴ አንድም ሳላስቀር ገልብጬዋለሁ። ከዚያ ሻይ ጠጣን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሰርተፍኬታችንን ይዘን ወደየቤታችን ገባን። ርዕሰ መምህሩ የራሱን በመስታወት አስገብቶ ከወንበሩ በላይ ሰቀለው።

እስከ ጥር ሁለት ውል ፈረመች። የካቲት ላይ የሒሳብ መምህሩን ተሳደበችና ከእናቷ ጋር ቀረበች። ወረቀት ሰጠናት። ረጋ ብላ ጽፋ፣ ፈርማ አቀበለችኝ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ "ከዚህ በፊት አጥፍቼ አላውቅም። የመጀመሪያ ጥፋቴ ስለሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ።"

በሳቅ ፈነዳን። እኔም ስቄያለሁ። ርዕሰ መምህሩ ሳቁን ሲጨርስ ፊቱን አጠቆረና ሁለቱን ውሎች አውጥቶ ፊቷ ዘረጋ።

"ይሄ የማን ፊርማ ነው?"

ጎንበስ ብላ አየችው። "የእኔን ይመስላል" አለች። "ማን ጻፈው?"

ዓይን ላለው ሰው ይህ ይበቃው ነበር። እናቷ ቆማለች፤ ወንበር የሰጣት የለም። አማርኛዋ የገበያ ነው፤ እቤታቸው የሚነገረው ካፊኖኖ ነው።

"ጌታዬ፣ ልጄ አትዋሽም። ባጃጅ ከጣላት ወዲህ ጠዋት የነገርኳት ማታ የለም። ድሮ የምታውቀው አለ፤ ሰው ታውቃለች፣ ሥራ ታውቃለች። አዲሱ ነው የማይቀመጠው።"

አሰልጣኙም ከዚህ የተሻለ አላስረዳንም።

"እናት፣ አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም" አለ ርዕሰ መምህሩ። ሰውየው ተረት ሲተርት ዳኛ የሆነ ይመስለዋል። ትሰናበት ተባለ፤ አምስት እጅ ወጣ። እኔም "ተማሪዋ በኮሚቴው ላይ ተሳልቃለች" ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ነገር ስፈልግ የስልጠናውን ደብተር ገለጥኩ። ያ ሁሉ ምልክት አንድ ሳይጎድል የእሷ ነበር። ደብተሩን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። "ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል እኮ" አለኝ። "እሺ" ብዬ ወጣሁ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ ያንን እሺ እጸየፈዋለሁ።

ግንቦት ላይ ገበያ ወጥቼ እናትየዋን ቆጮዋን ዘርግታ አገኘኋት። ልጅቷ አጠገቧ ነበረች። እንዳየችኝ ፊቷ በርቶ ተነሳች፣ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ።

"መምህር፣ ሰኞ ፈተና አለን እንዴ?"

ወደ እናቷ ዞሬ ቆጮ እንድትሸጥልኝ ጠየቅኩ። ልጅቷ ለመጠቅለያ የኮባ ቅጠል ልታመጣ ዞር ስትል እናቷ ቀና ብላ አየችኝ።

"ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርም ለብሳ በር ላይ ትቆማለች። ዩኒፎርሙን ደበቅኩ፤ ቤቱን ገልብጣ ትፈልጋለች። ተባረሻል እላታለሁ፣ አዲስ ሆኖባት ታለቅሳለች። እናንተ አንድ ቀን አባረራችኋት፣ መምህር። እኔ በየጠዋቱ አባርራታለሁ።"