ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለካው ቡና

ልጅቷ በሬን ያንኳኳችው ጥር ላይ፣ የቡና ለቀማ ካለቀ በኋላ ነበር። እዚሁ ሚዛን ዩኒቨርሲቲ ግብርና የምትማር የወሎ ልጅ ናት። ለመመረቂያ ጽሑፏ ያረጀ ቡና ፍለጋ ሰፈሩን ስትዞር የእኔን ጓሮ አየች።

«እማማ፣ አሥር እግር ቡና ቢሰጡኝ ከጉልበት በታች እቆርጣቸዋለሁ። ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ይወጣል።»

«መቼ ያፈራል?»

«በሦስተኛው ዓመት።»

ቡናውን የተከለው ባለቤቴ ነው፤ ከሞተ ቆይቷል። ሻይ አቀረብኩላት። ግብርና ወደሽ ነው የገባሽው ብዬ ብጠይቃት ሳቀች።

«ጤና ሞልቼ ግብርና ደረሰኝ። ቡና ዛፍ ላይ ያየሁትም እዚህ መጥቼ ነው።»

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ የተመኘሁት የእርሻ ኮሌጅ ነበር። አባቴ ታመመ፣ ለቀማው ደረሰ፣ በዚያው ቀረሁ። ይህን አልነገርኳትም። አሥሩን እግር ቁረጪ አልኳት።

መጋዙን ስታነሳ ወደ ቤት ገባሁ። ስወጣ ጉቶዎቹ ውኃ እንዳይቋጥሩ በሰያፍ ተቆርጠው ቆመዋል። ከጎኔ ሱቅ ያለው የጅማ ሰው በአጥሩ ላይ አየና፣ «እትዬ፣ ተማሪዋ ተመርቃ ትሄዳለች፤ እርስዎ ከጉቶ ጋር ይቀራሉ» አለኝ።

«አንተ ስኳርህን መዝን» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ነበር። እሷ የቀንበጦቹን ቁመት በሜትር ትለካለች፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በየጉቶው ሁለት ቀንበጥ ብቻ ትተን ሌላውን መስበር ነበረብን። አንዱ ጉቶ ላይ ግን እጄ እምቢ አለኝና የወጡትን አምስት ቀንበጦች በሙሉ ተውኳቸው።

«እማማ፣ ይሄ ቡና ነው መጥረጊያ?»

«የራሴ ነው፣ ተይልኝ።»

«እሺ፣ ‹የእማማ› ብለው ይመዝግቡት።»

መዘገብኩት።

ተመርቃ ልትሰናበተኝ ስትመጣ የመጀመሪያው ጉቶ ቀንበጥ ላይ ቀይ ክር አሰረች። «ሲቀላ ይቺን መጥቼ የምለቅማት እኔ ነኝ» አለች። ሜትሩን ጠረጴዛዬ ላይ ረስታው ሄደች፤ ወይም ተወችልኝ።

ጽሑፏ አልቋል፤ ልኩን የሚፈልገው ሰው የለም። እኔ ግን ቅዳሜ ሲደርስ እለካለሁ። የሜትሩን ጫፍ የሚይዝልኝ ስለሌለ በእግሬ እረግጠዋለሁ። ደብተሩ አለቀና ሌላ ገዛሁ።

ዘንድሮ ሦስተኛው ዓመት ነው። ጥቅምት ላይ ቡናው ቀላ። ‹የእማማ› የተባለው ቅጠሉ በዛ እንጂ ፍሬው ትንሽ ነው። ደወልኩላት። ኮምቦልቻ ባንክ ተቀጥራለች። ፈቃድ አልሰጡኝም አለች። ዘጠኙን ለቅሜ ክር ያለበትን ተውኩት።

«ይቺን ለወፍ ነው?» አለ ጎረቤቴ።

ፍሬው ዛፉ ላይ እንዳለ ጠቁሮ ደረቀ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ለቅሜ ለብቻው በጨርቅ ቋጠርኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ደወለች።

«እማማ፣ ለፋሲካ ልመጣ አስቤያለሁ። ከቻልኩ።»

«እሺ።»

«አሁንም ይለካሉ እንዴ?»

«ተውኩት» አልኳት። ሜትሩ ጭኔ ላይ ነበር።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ቋጠሮውን አውርጄ ፈታሁት። ሻግቶ እንደሆነ በጣቴ እያገላበጥኩ አየሁ። አልሻገተም። መልሼ ቋጠርኩና ደረቅ ቦታ ሰቀልኩት።