በአባዬ ጓሮ ማን ሞተ?

ይህ ነገር የደረሰው ባለፈው ዓመት ሞጆ ላይ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ፣ በዚያ ቅዳሜ በአባቴ ጓሮ ሰው ሞቷል ብዬ ስላመንኩ ነው። ማን እንደሞተ ግን አላውቅም ነበር።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ጋራዡም እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነው። የተቃጠለውን ዘይት ጓሮ እየደፋ ነው እኛን ያሳደገን፤ ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ሥራ ሲያቆም ጓሮው ጥቁር እንደሆነ ቀረ፣ ሣር እንኳ አያበቅልም። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ዘይቱ እየታጠበ ቁልቁል ወደ ጋሽ ቶሎሳ የጎመን መደብ ይወርዳል።

ጋሽ ቶሎሳ አጥር የሚለየን ጎረቤታችን ናቸው። ከአባዬ ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ ጓደኛሞች ነበሩ። ጎመናቸው ሲበላሽባቸው ግን ተጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ሰላምታም የለም። እናቴ ያረፈች ጊዜ ለቀብር መጡ፣ አፈር አለበሱ፣ አባዬን ሳያናግሩት ተመለሱ። ያ ነገር አባዬን ከለቅሶው እኩል ጎድቶታል።

እኔ የምኖረው አዳማ ነው፤ ሲመቸኝ እየሄድኩ አየዋለሁ። አንድ ቀን ስገባ ግቢው እበት እበት ይሸታል። እኛ ደግሞ ላም የለንም። ጓሮ ብዞር አባዬ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ፣ ከእበትና ከጭድ ጋር ለውሶ እዚህም እዚያም ከምሮታል። በአካፋ ያገላብጠዋል፣ ውኃ ያርከፈክፍበታል፣ ላስቲክ ያለብሰዋል።

«አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«እየበሉ ነው» አለኝ።

«እነማን?»

«ነፍሳቱ ናቸዋ! ዘይቱን የሚበሉት። በዓይን አይታዩም እንጂ አፈሩ ውስጥ ሞልተዋል። እበቱ ጉልበት ይሰጣቸዋል። የማገላብጠው አየር እንዳያጥራቸው ነው።»

ምን ይባላል? ማን እንደነገረው ስጠይቀው፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ ለጥናት የጋራዥ አፈር ልትወስድ ገብታ ነገረችኝ አለ። ሰፈሩን ጠየቅሁ፤ ልጅቷን አየሁ የሚል አንድ ሰው አጣሁ።

የዕድራችን ሴቶች አስተባባሪ እትዬ ዘነበች ጥግ ይዘው አንሾካሾኩልኝ። «ልጄ፣ አባትሽን አዳማ አንቺ ጋ ውሰጃቸው። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ደህና አይደሉም። ጠዋት ጠዋት አፈሩን ‹እንዴት አደራችሁ› ይሉታል።» ሌላዋ ደግሞ መተት ነው አለች። እኔ የቱን እንደማምን ግራ ገባኝ። ጃጅቶ ይሆን? ወይስ እውነቱን ነው? አዳማ እኔ ጋ ና ስለው «ከዚህ ቤት ሬሳዬ ነው የሚወጣው» አለ።

በመጨረሻ ቆረጥኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጭድ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ጠብቄ ልብሱን በሻንጣ መክተት ጀመርኩ። ያን ዕለት የዕድሩ ሴቶች መጥረጊያና የፈላ ውኃ ይዘው ከተፍ አሉ። ሚስቱ የሞተችበትን ሰው ቤት ማጽዳት ወጋቸው ነው። እኔ ውስጥ ሸሚዝ ሳጣጥፍ ጓሮ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። የበረኪናው ሽታ እስከ መኝታ ቤት ገባ። እንዴት ደግ ሰዎች ናቸው እያልኩ ነበር።

ድንገት የአባዬ ጩኸት ግቢውን አናወጠው።

«ገደላችኋቸው! ጨረሳችኋቸው እኮ!»

በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ። አባዬ ጭዱን በትኖ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እትዬ ዘነበች በረኪናውንና የፈላውን ውኃ ክምሮቹ ላይ ደፍተው፣ ባዶ ጠርሙስ ይዘው አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። በመንገድ የምታልፍ አንዲት ሴት «ገደላችኋቸው» የሚለውን ሰምታ ኖሮ «ወይኔ! ወይኔ!» ስትል አቀለጠችው። ጎረቤት በሩን ጥሶ ገባ። ከመካከላቸው አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ማን እንደሞተ ትጠይቀኛለች። እኔ ደግሞ የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ አያለሁ፤ የጎደለ ሰው የለም።

ይባስ ብሎ የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ ጡሩንባውን ይዞ ደረሰ። እያለከለከ «የሟች ስም?» አለኝ።

«አባዬ፣ ማን ነው የሞተው?»

«ሁሉም» አለኝ። «የደከምኩባቸው በሙሉ።»

ያኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ሻንጣውን አወጣሁና «በቃ አባዬ፣ እንሂድ» አልኩት። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ተነስቶ ተከተለኝ። ሳይከራከረኝ መምጣቱ አንጀቴን በላው።

በሩ ላይ ስንደርስ ጋሽ ቶሎሳ ቆመዋል። በእጃቸው አሮጌ የቲማቲም ጣሳ ይዘዋል። ጣሳው ውስጥ ቅጠል ያወጣ ባቄላ አለ።

«አካም ጂርታ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉት አባዬን።

አባዬ ደነገጠ። «ነጋዳ» ብሎ ሰላምታውን መለሰ።

«በአጥሩ ቀዳዳ ከክምርህ አፈር እየዘገንኩ ባቄላ ስሞክርበት ነበር» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «መጀመሪያ የዘራሁት በሰበሰ። አፈሩ እየጸዳ ሲሄድ ይሄኛው ይኸው በቀለ። ደግሞ እኔ አጥር ሥር ያለውን ክምር ሴቶቹ አልነኩትም፤ አሁን አይቼው መጣሁ። ከሱ ቀንሰህ ከሌላው ጋር ለውሰው። እበት እንደሆነ እኔ ቤት ሞልቷል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ሻንጣው ወዴት ነው?»

ሻንጣውን መሬት አስቀመጥኩት። አባዬ ጣሳውን ተቀብሎ ወደ ጓሮ ተመለሰ። ጡሩንባ ነፊው አሁንም የሟቹን ስም እየጠበቀ ነበር።

ዛሬ ሁለቱ ሽማግሌዎች ክምሩን አብረው ያገላብጣሉ። እትዬ ዘነበች ሲያልፉ «ዛሬስ በሉ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እየቀለዱ ይሁን ከልባቸው አላውቅም። አባዬ ነገሩን ደጋግሞ አስረድቶኛል። እኔም አዎ አዎ እላለሁ እንጂ፣ የማይታይ ነገር ዘይት እንዴት እንደሚበላ እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ በላይ ያልገባኝ ግን ሌላ ነው። በእናቴ ቀብር ላይ ለአባዬ አንድ ቃል ያልተነፈሱት ጋሽ ቶሎሳ፣ በዓይን ለማይታዩት ነፍሳት ለቅሶ ደረሱ። ባሰብኩት ቁጥር መሳቅም ማልቀስም ያምረኛል። ሻንጣውን ግን ያኔ ባዶውን ይዤው ወደ አዳማ ተመለስኩ።