«ሠራተኛችን ናት» ያልኩበት ቀን

ልጆቹ «አኮ፣ ለሊሴ ድግስ ሲኖር ለምን አትመጣም? ንገሪን እንጂ» ብለው ያዙኝ፤ አያታቸውን አኮ ነው የሚሉኝ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና፣ ቃሉ ቢጣመም እናንተ አቅኑት። እሁድ የታናሹ የልጅ ልጄ ምርቃት ነው። ለሊሴም ከጌዶ ትመጣለች ይላሉ። ባትመጣስ እያልኩ እፈራለሁ። ብትመጣስ በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?

ለሊሴና ገመቹ የልጅ ልጆቼ ናቸው፤ ሁለቱንም አምቦ ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ። ገመቹ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እሷ የአሥረኛ ክፍልን ፈተና ወደቀች። ያኔ እኔ ቤት አልነበርኩም። በዋዜማው ራሴን አዙሮኝ ወድቄ ስለነበር፣ የፈተናዋ ዕለት ጎህ ሳይቀድ ለማንም ሳልናገር እንደ ልማዴ ወንጪ ሐይቅ ወዳለው ጠበል ሄድኩ። እግሬ እንዲህ ነው፤ ከተነሣ ማንንም አያማክርም። ከሰነበትኩበት ስመለስ «እንዴት ሆነ?» ብላት «አልሆነልኝም፣ አኮ» አለች። በቃ። ሰነፍ አልኳት። እኔ ያልተማርኩት፣ ሰነፍ አልኳት።

ገመቹ ሲመረቅ ድንኳን ተተከለ። የተማሩትን ከፊት አስቀመጥኩ፤ የሠፈሩን ሰው ወደ በራፉ ገፋ አደረግኩት። ለሊሴ ታስታጥባለች። አንድ አስተማሪ እጁን እየታጠበ «ይህቺስ የማን ናት? ቁርጥ ገመቹን አይደለችም እንዴ» አለ። ከእነዚህ ቤት የወደቀም አለ እንዳይባል ፈራሁ።

«ሠራተኛችን ናት» አልኩ።

እኔ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም።

ሰማች። ውኃው ግን አልተቋረጠም። እስከ መጨረሻው እንግዳ ድረስ አስታጥባ ማስታጠቢያውን እግሬ ሥር አስቀመጠችና «ሥራ ጨርሻለሁ፣ እትዬ» አለችኝ። አኮ አላለችኝም። በማግስቱ ጌዶ ሄደች።

ጎበዝ አይከበር አልልም። የለፋ ከፊት ቢቀመጥ ምን ክፋት አለው? ግን ማን እንደለፋ፣ ማን እንዳልለፋ በምን ዐውቄ ነው ወንበር ያደላደልኩት? ይህን ስል ደግሞ ራሴን ለማዳን የምል ይመስልብኛል። ሰነፍስ ብትሆን ኖሮ፣ የልጄን ልጅ ልክዳት ይገባ ነበር? ይህን ሁሉ ዓመት ይቅር በዪኝ ለማለት አፌ አልደፈረም። እሁድም ይደፍር እንደሆን አላውቅም።

አምና ወንጪ ታንኳ ልሳፈር ስል፣ ባለታንኳው የአንገቴን ንቅሳት ትክ ብሎ አየና «አኮ፣ ያቺ ልጅ በመጨረሻ አገኘችዎት?» አለኝ።

«የምን ልጅ?»

«ዩኒፎርም የለበሰች ነበረች እኮ፣ ዓመታት ሆኑት። አንገቷ ላይ ንቅሳት ያላት አያቴ ጠፍታብኛለች፣ ራሷን ያዞራታል፣ ውኃው ውስጥ ወድቃ እንዳይሆን እያለች የሐይቁን ዳር ስትሮጥ ዋለች። ዛሬ ፈተና አለብኝም ትል ነበር። እስኪመሽ ድረስ እርሳስና ላጲሷን ከእጇ አልለቀቀችም።»